የትርሲትን ካባ ማን ይደርብላት?

በአንድ ወቅት፣ ያውም አባቶቻችን ባወሩልን ሳይሆን እኛው በዓይናችን ባየነው ዘመን፣ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ትርሲት የምትባል ተማሪ ነበረች። ታሪኩን እኔ ልንገራችሁ፤ ፍርዱን እናንተ ስጡ። የማንም ወገን አይደለሁምና በኋላ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብላችሁ እንዳትይዙኝ።

ትርሲት አዋላጅ ነርስ መሆን ትፈልግ ነበር። ታላቅ እህቷ ምጥ ጠንቶባት ሰው ሁሉ ተስፋ በቆረጠ ጊዜ፣ የጤና ጣቢያው አዋላጅ እናቲቱንም ልጁንም ስታተርፍ አጠገባቸው ቆማ አይታለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልታያትም። በባዮሎጂ የሚደርስባት አልነበረም፤ ኬሚስትሪም ቢሆን አይከብዳትም። ሒሳብ ላይ ስትደርስ ግን ነገር ይጠፋባታል። ታጠናለች፣ ትወድቃለች፤ አስጠኚ ይቀጠርላታል፣ ትወድቃለች። የፈተና ወረቀት ሲሰጣት ስሟን ትጽፍና ላብ ያጠምቃታል።

የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ከውጭ አገር የሚመጣ ፈተና የሚያስፈትን ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ስንሻው «ከእኛ ቤት በሒሳብ የወደቀ የለም» እያሉ ይኮሩ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ የወደቀ የለም። ይወድቃል ብለው የጠረጠሩትን ልጅ ገና ፈተናው ሳይደርስ ወላጁን ጠርተው «ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉለት» ይላሉና። ትርሲት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደገባች ተራው የእሷ ሆነ። አቶ ስንሻው በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ እናትና አባቷ ተቀምጠው እየሰሙ፣ ስሟን ጠርተው «ይህች ልጅ ለእኛ ትምህርት ቤት አልሆነችም» አሉ።

ያን ጊዜ የሒሳብ መምህሯ ጉልላት ከወንበሩ ተነሣ።

«ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም» አለ። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ አውቃታለሁ። ይህ መንገድ አልሆናትም። ግን ሌላ መንገድ አለ።»

«መምህር ጉልላት፣ ይቀመጡ» አሉ አቶ ስንሻው።

«አልቀመጥም። ይህንኑ ፈተና የሚያዘጋጁት ሰዎች የተግባር ሒሳብ የሚባል ሌላ ፈተና አላቸው። የመድኃኒት መጠን በሰው ክብደት ማስላት፣ ሰንጠረዥ ማንበብ፣ ዕድልና አደጋን መገመት ነው የሚጠየቀው። የነርስ ኮሌጆች ይቀበሉታል። እዚህ ቤት የማይነሣው ለስማችን አይመችም ተብሎ ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሰኞ ጠዋት ጉልላት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተነሥቶ ሁለተኛ ክፍል ሕፃናት እንዲያስተምር ተመደበ። ጓደኞቹ «ተወው፣ ሥራውን ልቀቅ» ሲሉት «እሳቸው ይልቀቁ» ብሎ ጠመኔውን ይዞ ከሕፃናቱ ጋር መደመር ጀመረ። ጀግና ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። ሆኖም ከትርሲት በፊት በዚያው ሰበብ የተባረሩ ልጆች ነበሩ፤ የሌላውንም ፈተና መኖር ያኔም ያውቅ ነበር። ዝም ብሏል። ይህንንም አትርሱ።

ወደ እናቷ እንሂድ። ወይዘሮ እማዋይሽ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። እስከዚያ ስብሰባ ድረስ «ተኝተሽ ነው የምትወድቂው!» እያሉ ልጃቸውን ሲያስለቅሱ የኖሩት እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን ቤት ሲገቡ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«መምህሩ ያለው እውነት ነው?»

«እማዬ፣ የበፊቱን ሞክሬ ሞክሬ ደከመኝ። ይኼኛውን ግን እችለዋለሁ።»

አባቷ አቶ ደምሰው ከወዲያ ሆነው ጮኹ። «ልጄ የተቆረሰ ሒሳብ አትማርም! ሰው ምን ይለኛል?»

ወይዘሮ እማዋይሽ በማግስቱ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ አንድ ወንበር ተሸክመው ሄዱና የትምህርት ቤቱ ዋና በር መሐል ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። ዘበኛው ተጨነቀ።

«እትዬ፣ ደጅ ለመጥናት ከሆነ እዚያ ጥላው ሥር ይሁኑ።»

«ደጅ ልጠና አልመጣሁም» አሉት። «ደጅ ልዘጋ ነው የመጣሁት።»

የአቶ ስንሻው መኪና መጥታ ቆመች፤ ጥሩምባዋን ነፋች። ወይዘሮ እማዋይሽ ነጠላቸውን አስተካክለው እንደተቀመጡ ቀሩ። ልጅ የሚያደርሱ ወላጆች ተሰበሰቡ። አቶ ደምሰው ወሬውን ሰምተው እየሮጡ መጡ።

«ተነሺ! በአገር ፊት አዋረድሽኝ!»

«ቤት ገብቼ ልጅህን ምን ልበላት?»

አቶ ደምሰው ያን ዕለት ልብሳቸውን ሰብስበው ወንድማቸው ቤት ገቡ፤ አልተመለሱም። ገበያውም «ባሏን በወንበር የለወጠች» እያለ ይስቅባቸው ጀመር። እሳቸው ግን በየማለዳው ወንበሩን ተሸክመው ይሄዱ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ አቶ ስንሻው ተሸነፉ። ሲሸነፉም እንኳ ፈገግ እያሉ ነበር።

«እሺ፣ የተግባር ሒሳብ ክፍል እከፍታለሁ። ለአንድ ተማሪ ግን አስተማሪ አልመድብም። ቢያንስ አንድ ሌላ ተማሪ ይገኝ። ወደዚያ የገባም ዋናውን ሒሳብ አይፈተንም።»

ፈገግታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ክፍሉ ገና ሳይከፈት ተማሪው «የደካሞች ማረፊያ» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ አቶ ስንሻው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ከትርሲት ጋር የተግባር ሒሳብ የሚማር አለ?» አሉ። ሰልፉ በሣቅ ተናጋ። ትርሲት አንገቷን አልደፋችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ፊት ለፊት እያየች ቆመች።

ከሰልፉ አንዲት ልጅ ወጥታ አጠገቧ ቆመች። ዘቢባ ናት። ዘቢባ የትምህርት ቤቱ የሒሳብ አንደኛ ነበረች፤ አስተማሪ ሲሳሳት የምታርም። ከትርሲት ጋር እንኳን ጓደኝነት፣ ሰላምታም ብዙ አልነበራቸውም።

አቶ ስንሻው ደነገጡ። «አንቺ? መሐንዲስ ነው የምሆነው ስትዪ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያ ይህን ስትማሪ የምህንድስና በር እንደሚዘጋብሽ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ክፍሉ ይከፈት።»

ሣቁ ቆመ። ክፍሉም ተከፈተ። በኋላ ትርሲት «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ብትላት «ስለ ሣቁ» አለቻት፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት እስከ ዛሬ አልሰጠችም። እንግዲህ ለትርሲት ብላ ይሁን፣ ወይ በአቶ ስንሻው ተናዳ፣ እሷና አላህ ያውቃሉ። ዓመቱን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተማሩ፤ ትርሲት የጠፋባትን ዘቢባ ታሳያታለች። ምህንድስና እንደተባለውም አልተቀበላትም። ዘቢባ ድልድይ መሥራት ነበር ምኞቷ፤ ዛሬ ሌሎች የሠሩትን ድልድይ ተሻግራ መሥሪያ ቤት የምትገባ የሒሳብ ሠራተኛ ናት።

ትርሲትስ? የፈተናው ቀን ስሟን ጻፈች፤ ላቡም እንደ ልማዱ መጣ። እጇ ግን አልቆመም። የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰች፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ እያለች እስከ መጨረሻው ዘለቀች። ውጤቷ ሲመጣ አቶ ስንሻው ራሳቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ኮሌጅ ገባች፤ ገና በልምምድ ላይ ሳለች የብዙ እናቶችን እጅ ይዛ አዋለደች።

የምረቃዋ ቀን ደረሰ። በዚያ ኮሌጅ አንድ ወግ አለ፤ ተመራቂው መድረክ ላይ ሲወጣ «ለዚህ ያበቃኝ» የሚለውን አንድ ሰው ስም ይጠራል፤ የተጠራውም ወጥቶ ካባውን ይደርብለታል። አንድ ሰው ብቻ። እናቷ፣ መምህር ጉልላትና ዘቢባ ሦስቱም መጥተው በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። አቶ ደምሰው እንኳ ሳይቀሩ ከአዳራሹ ጀርባ ቆመዋል።

«መቼም የምደርብላት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ትዳሬን የከፈልኩባት ልጅ ናት።»

«እትዬ፣ የዘጉት በር ውስጥ መንገድ እንዳለ ማን ነገረዎት?» አለ ጉልላት። እየቀለደ አልነበረም። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ነኝ።»

ዘቢባ ወደ ሁለቱም ዞረች።

«የእናንተስ ይመለሳል። ጋሼ ደምሰው ይኸው ከኋላ ቆመዋል፤ ትታረቃላችሁ። መምህርም አንድ ቀን ወደ ክፍልዎ ይመለሳሉ። እኔ የሰጠሁት ግን አይመለስም።»

ከኋላቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው አልቻሉም። «ኧረ ጎበዝ! የተፈተነችው እሷ አይደለችም እንዴ? ራሷ ትደርበው!» አሉ። ግማሹ ሰው ሣቀ፤ ግማሹ አጨበጨበ፤ ሦስቱም ዞረው ገላመጧቸው።

ይህን ጊዜ የትርሲት ስም ተጠራ። መድረክ ላይ ወጣች። ካባው በክንዷ ላይ ነው። የመድረክ መሪው ማይክሮፎኑን አቀበላትና «ማንን እንጥራልሽ?» አላት። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡ።

እንግዲህ ማይክሮፎኑ በእናንተ እጅ ቢሆን ኖሮ፣ ካባውን ሊደርብላት የሚገባው ማን ነው? የማንን ስም ትጠሩ ነበር?