ጅብ የልጁን ፍጥነት የፈለገ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ሞተር ሳይክል ዱር ገብቶ አራዊቱም እየለመዱት በመጡበት ዘመን፣ አያ ጅቦ ለልጁ አንዲት ትንሽ ሞተር ይዞ መጣ። ከየት እንዳመጣት የጠየቀው አልነበረም፤ ጅብን እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ በአካባቢው አልቀረም።

ሞተሯ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚቀዳላት፣ ድምፅዋ ከቁመቷ የሚበልጥ፣ ለአቧራና ለኮረኮንች የተሠራች ነበረች። ግልገሉ ጅብ ግን በሕይወቱ ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ አባትዬው የዱሩ ብቸኛ መካኒክ ወደ ሆነችው ወደ እመት አህዪት ጋራዥ እየገፋ ወሰዳት።

«ለልጄ እንድትመቸው አድርገሽ አስተካክያት» አላት። «ከወደቀ ግን አንቺን እበላለሁ።»

«ገብቶኛል» አለች አህዪት። ወዲያውም መፍቻዋን አነሣች።

ሦስት ቀን ሠራች። የግልገሉ እግር መሬት እንዲነካ መቀመጫውን ዝቅ አደረገች፤ ጠንካራውን ሞላ በለስላሳ ቀየረች፤ ፍሬኑን ለትንሽ መዳፍ አቀረበች። በመጨረሻም ነዳጅ መስጫው ላይ አንዲት ብሎን አሰረች። ከዚያ ወዲያ እጀታው የቱንም ያህል ቢጠመዘዝ ሞተሯ ከዶሮ ሩጫ አትፈጥንም። አያ ጅቦ በዚህ መሀል ዘይቱ የሚለካበትን ጣሳ ልሶ ጨረሰ፤ ጣዕሙንም አልጠላውም።

ግልገሉ ሞተሯ ላይ ወጣ። ከጋራዡ ፊት ያለውን ሜዳ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ አልወደቀም። አህዪት ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።

ቀበሮ ግን ከሜዳው ዳር ተቀምጦ ያይ ነበር። ጅብ አህያ ሲበላ ትርፍራፊው ለማን እንደሚደርስ ያውቃል። ወደ አያ ጅቦ ጠጋ አለና፣ «ልጅህ ጎበዝ ነው» አለው። «ግን ይህች ሞተር ስትመጣ እኮ ትበር ነበር። ያ ሁሉ ፍጥነት የት ገባ?»

አያ ጅቦ አሰበ። እሱ እስከሚያውቀው ድረስ የጎደለ ነገር ሁሉ የተበላ ነው።

«በልታዋለች» አለ።

«እኔ አላልኩም» አለ ቀበሮ። «በልታው ከሆነ ግን ያለው ሆዷ ውስጥ ነው።»

አያ ጅቦ ሞተሯን እየገፋ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። «የልጄን ፍጥነት አምጪ። አለዚያ ሆድሽን ከፍቼ እወስደዋለሁ» አላት።

አህዪት ጥርሱን አየች። ከዚያም ጎንበስ ብላ ብሎኗን ፈታች። «ሆዴ ውስጥ የለም፣ አያ ጅቦ። ይህች ነበረች የያዘችው። ነገር ግን ሙሉ መሆኑን የሚያረጋግጠው ባለቤቱ ነው፤ ልጁ ሳይነካው እርስዎ ይቅመሱት።»

መቅመስ የሚል ቃል ከሰማ በኋላ አያ ጅቦ ሌላ ነገር አልጠየቀም። መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለነበር ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደረሰ።

«ለመጀመሪያ ቀን ጥቂት ይበቃል» አለችው አህዪት። እውነቷን ነበር።

አያ ጅቦ ግን ጥቂት ወስዶ አያውቅም። እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። ሞተሯ የፊት ጎማዋን አነሣች። አያ ጅቦ ሜዳውን አልዞረም፤ አቋርጦት አለፈና ቁልቋል ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከቁልቋሉ ፊት ለፊት ትርፍራፊውን ይጠብቅ የነበረው ቀበሮም አብሮት ገባ።

አህዪት ባለችበት ደርቃ ቀረች። አሁን የወደቀው ልጁ ሳይሆን አባቱ ነው፤ ለዚህ ምን እንደሚደረግባት ደግሞ አልተነገራትም። ግልገሉ ቁልቋሉን አየ፤ ሞተሯን አየ፤ ወደ እሷም ዞረ።

«እትዬ፣ ብሎኗን መልሺልኝ» አላት።

አያ ጅቦ ከቁልቋሉ ውስጥ ተናገረ።

«ትንሽ ጠበቅ አድርጊያት።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለጀማሪ የሚቀነስለት ፍጥነት የተሰረቀበት ሳይሆን እስኪያድግ ድረስ የተቀመጠለት መሆኑን ነው።