ጆሮውን በጥጥ የወተፈው ተማሪ

አንድ ፍርሃቱ ከቁመቱ የሚረዝም ተማሪ ነበር። ስሙ ይበልጣል ይባላል። የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ ሁለተኛውን ሊጀምር አንድ ክረምት ቀርቶታል። በመንደሩ ዳር የስንዴ ምርምር ጣቢያ አለች። እዚያ የዋግ በሽታ የሚያጠኑ ፕሮፌሰር ላብራቶሪው ውስጥ መቶ የስንዴ ችግኝ ደረደሩለትና እንዲህ አሉት፦

«ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ታጠጣለህ፤ ቅጠሉን አይተህ ትጽፋለህ። መስከረም ሲጠባ መዝገቡ ሙሉ ከሆነ ተማሪዬ ነህ። አንድ ቀን ብታጎድል ግን ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ።»

ይህች «ግን» ሆዱ ውስጥ ገብታ እንቁላል ጣለች። በሳምንቷም ፈለፈለች። አብሮ አደጉ «ሚዜ ሁነኝ» ብሎ ቢለምነው «እኔ ስጨፍር ችግኙ ቢጠወልግስ?» አለ። ክርስትና ቢጠሩት «ዝንብ ብትገባስ?» አለ። እዚያው እያደረ፣ በሩን ቀርቅሮ ከንጋት እስከ ምሽት ችግኞቹ ላይ አፈጠጠ። ችግኞቹም እግር ቢኖራቸው ኖሮ ከዚያ ዓይን ሸሽተው ወንዝ ይሻገሩ ነበር።

ከሁሉ የሚፈራው ግን የዕድሩን ጡሩምባ ነው። ጡሩምባ ነፊው ጋሽ ውዱ ትንፋሻቸው የዋዛ አይደለም፤ ሲነፉ በሦስት ቀበሌ ያለ ውሻ ሁሉ ጅራቱን ይቀብራል። ጡሩምባ ከተነፋ ለቅሶ አለ፤ ለቅሶ ካለ መሄድ አለ፤ ከሄዱ ደግሞ ተነስቶ መምጣት ያሳፍራል። ይበልጣል መላ መታ። ከላብራቶሪው ጥጥ ቆንጥሮ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ጥርቅም አድርጎ ወተፈ።

እናቱ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ያመጡለታል። አንድ ሰሞን ሦስት ቀን በተከታታይ በር ላይ ቆመው፦

«ልጄ፣ ጎረቤታችን የውብዳር እኮ ጠንቶባታል። ስምህን እየጠራች ነው። ብቅ በልላት» አሉት።

የውብዳር ማለት ይበልጣል ፈተና ያለፈ ዕለት እልልታዋን ስታቀልጠው የገዛ አህያዋ ደንግጣ ሁለት ቀን የጠፋችባት ሴት ናት። ይበልጣል ግን ሦስቱንም ቀን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ጥጡ ምስጋና ይግባውና አንዲት ቃል አልሰማም።

በአራተኛው ቀን ምሳው ቀረ።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባት ሆነ። ስምንት ሆነ። እናቱ ዝናብ በረዶ ቀላቅሎ ሲወርድ እንኳ ምሳውን አስቀርተው አያውቁም። ይበልጣል ጥጡን ነቅሎ አዳመጠ፤ ምንም የለም። ከመንደሩ የልጅ ጫጫታ የለም፣ የእንጨት ፈለጣ የለም። በሩን ከፍቶ ሮጠ። ደጁ ሁሉ ተዘግቷል። ማንን ይጠይቅ? ማን እንደታመመ አያውቅም፣ ማን መንገድ እንደሄደ አያውቅም፤ ለማን መፍራት እንዳለበት እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ለሁሉም ፈራ። የመንደር ሙሉ ፍርሃት ተሸክሞም ወደ ቤቱ ሮጠ።

እቤቱ አጥር ሲደርስ በገዛ ግቢያቸው ድንኳን ተተክሏል።

እዚያች አጥር ሥር ሰባት ጊዜ ሞቶ ሰባት ጊዜ ተነሳ። በስምንተኛው ገባ። እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠዋል። በሕይወት አሉ! ደስታው አፉ ላይ ሲደርስ በጥርሱ ያዘው፤ ለቅሶ ቤት ነዋ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ወረረው፦ ታዲያ የሞተው ማነው?

በአገሩ ለቅሶ ሲደረስ ሟቹን በስም እየጠሩ ነው የሚገባው። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጠበቀው። ይበልጣል የጎደለውን ሰው ለማወቅ የተቀመጡትን በዓይኑ ይለቅም ጀመር። ሁለት ወር ሙሉ አላያቸውም ነበርና ግማሹ ጠፋው።

«ወየው! ወየው... ወየው...» ብሎ ቆመ።

«ማንን ነው የምታለቅሰው ልጄ?» አሉ ጋሽ ውዱ ከጥግ።

«ሁ... ሁላችሁንም!»

«ኧረ እኛስ ገና ነን! በመስኮትህ ሥር ቆሜ ሦስቴ የነፋሁት ለማን መሰለህ?»

እናቱ አንገታቸውን ደፉ። «የውብዳር ናት። ግቢዋ ጭቃ ስለሆነ ነው ድንኳኑ እኛ ጋ የተተከለው። ሦስት ቀን ነገርኩህ፤ ሦስት ቀን ራስህን ነቀነቅህልኝ። እሷም 'እሺ ብሏል' ስላት እስክትመጣ የቤቷን በር እንዳንዘጋው አዘዘችን» አሉት።

ይበልጣል ያን ጊዜ ስም አገኘና አለቀሰ። ግን ቀብሩ አልፏል።

አስራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ይቁነጠነጥ ጀመር። መነሳት ፈራ፤ መቀመጥም ፈራ።

«ምን ቆነጠጠህ?» አሉት ጋሽ ውዱ።

«ችግኞቼ... የማጠጫ ሰዓታቸው ነው። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው።»

«ግማሽ ሰዓት? ሁለት ወር የጠፋኸው ለግማሽ ሰዓት ነው?»

«ጠዋትም ሌላ ግማሽ አለ።»

«የቀረውን ቀንስ ምን ስትሠራ ነበር?»

ይበልጣል «ስፈራ» አለ።

ጋሽ ውዱ ጡሩምባቸውን ታቅፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሂድ፣ አጠጣና ተመለስ። ለዚህ ሳምንት አንድ ለቅሶ ይበቃናል።»

ሄደ፣ አጠጣ፣ ጻፈ፣ ተመለሰ። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስም እንዲሁ ተመላለሰ። መዝገቡ አልጎደለም። መስከረም ጠባና ትምህርቱን ሊጀምር ሲነሳ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሸኘው። እልል ያሉም ነበሩ። የየውብዳር አህያ ግን ጆሮዋን እንኳ ሳታቆም ሣሯን ጋጠች።

እንግዲህ ሥራ የሚጠይቀው የራሱን ሰዓት ነው፤ ወዳጅም የሚጠይቀው የራሱን ነው። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። የቀረውን ቀን ሁሉ የሚበላው መሃል ገብቶ «የሁለቱም ጠበቃ ነኝ» የሚለው ፍርሃት ነው። ለሥራዎ ሰዓቱን ይስጡ፤ ፍርሃትዎን ግን ደመወዝ ከፍለው አይቅጠሩት።

ይህን የሚያነቡ ወዳጄ፣ ሰሞኑን ሳይሰሙ ራስዎን የነቀነቁለት ሰው ማነው? በሩ ገና አልተዘጋ ይሆናል።