ወደ ኋላ የቀረ ቤት

ስድስት መቶ አርባ ኩንታል ሰሊጥ በመጋዘኑ ያከማቸ አንድ ነጋዴ ነበረ። ስሙ ይርዳው ይባላል። ባሕር ማዶ ያለ ገዢ ሰሊጡን በሙሉ በጥሩ ዋጋ ሊወስድለት ተስማምቶ ነበር። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ኅዳር 13 ቀን ድረስ የገዢውን ድረ ገጽ ከፍቶ መፈረም። ቀኑ ካለፈ ውሉ ለሌላ ነጋዴ ይተላለፋል። የፊርማው ፋይል የተጫነው ደግሞ ይርዳው ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ በሌላ ማሽን መፈረም አይቻልም።

ይርዳው ከሸክም ሥራ ተነስቶ ባለመጋዘን የሆነ ሰው ነው። እዚህ ያደረሰው መቁጠር ነው። ኩንታሉን ብቻ ሳይሆን የደረጃውን እርከን፣ የአጥሩን ቆርቆሮ፣ ከቤት እስከ መጋዘን ያለውን እርምጃ ሁሉ ቆጥሮ ያውቃል። ቆጠራው ያልገጠመለትን ነገር ሳያቀና እንቅልፍ አይወስደውም።

ኅዳር 3 ቀን ከምሳ በኋላ ገጹን ሊከፍት ሞከረ። አልተከፈተም። በገጹ ፋንታ ቀይ ምልክትና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መስመር ወጣ። የባንኩን ገጽ ሞከረ፤ ያው ነው። የጋዜጣውን ሞከረ፤ እሱም ያው። አሥራ አራት ገጽ ሞከረ፤ አሥራ አራቱም እንቢ አሉ።

በማግስቱ አንድ የመስመር ሠራተኛ መጣ። «ጋሼ፣ የነኩት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀው። «ምንም አልነካሁም» አለ ይርዳው። ሠራተኛው ከአጥሩ እስከ ሳሎኑ ያለውን ገመድ በአዲስ ቀይሮ ሄደ። ገጾቹ አልተከፈቱም። በኅዳር 6 ደግሞ ሌላ ባለሙያ መጣ። እሱም ያንኑ ጠይቆ ያንኑ መልስ አገኘና ራውተሩን በአዲስ ቀየረ። አሁንም አልተከፈቱም። ሁለቱም ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለው አላዩም።

«በእኔ ስልክ እኮ በዚሁ ዋይፋይ ሁሉም ይከፈታል» አለች ሚስቱ እልፍነሽ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት።

«የስልክ ሌላ፣ የኮምፒውተር ሌላ» አላት። «ይልቅ ነይና ይሄ እንግሊዝኛ ምን እንደሚል አንብቢልኝ።»

መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለች። «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል።»

«የማን ሰዓት?»

«ያንተ ነዋ! እኔን ምን አገባኝ?»

ይርዳው የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየ። በደቂቃ እንኳ አይለያዩም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየ። ቀኑም ገጠመ። ሦስቱም አንድ ቃል ተናገሩ። «የኔ ሰዓት አልቀረም» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ የትኛውን ሰዓቴን ነው የሚለው?» አለ።

በኅዳር 7 ግን አሥራ አምስተኛው ገጽ ተከፈተ። የከተማው የሰሊጥ ነጋዴዎች ማኅበር ድሮ ያሠራው፣ ማኅበሩ ከፈረሰ ወዲህ ማንም ያልጎበኘው ገጽ ነው። ከላይ የሊቀ መንበሩ ፎቶግራፍ አለ። ሊቀ መንበሩ የይርዳው ታላቅ ወንድም ተረፈ ነው። ተረፈ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ አፈሩን የመለሰው ይርዳው በገዛ እጁ ነበር። ከፎቶግራፉ ሥር እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ስብሰባ አለን። ማንም እንዳይቀር። የቀሩት ቀናት፦ 7»።

በማግስቱ ከፈተው። የቀሩት ቀናት፦ 6።

«ሰዎቹ ጥለውት የሄዱ ገጽ ነው» አለች እልፍነሽ።

«ጥለውት ከሄዱ ማን ነው የሚቆጥረው?»

እሷም ገጹን በስልኳ ከፍታ አየች። «እየው፤ በእኔ ስልክ ላይ ስብሰባው አልፏል ይላል።»

«አንቺን አልጠራሽማ» አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ጸጥ አለ። በዓለም ላይ ካለው ገጽ ሁሉ ለዚህ ቤት የሚከፈተው የሞተ ሰው ገጽ ብቻ ሆነ፤ እሱም በየቀኑ አንድ ይቀንሳል። አምስት። አራት። ይርዳው ነጭ ጋቢውን አሳጠበ። ድንገት ቢሄድ ሚስቱ ከመጋዘን ጋር እንዳትንከራተት ብሎ ሁለት መቶ አርባ ኩንታሉን ለጎረቤት ነጋዴ በርካሽ ሸጠ። የቀረውንም ሊሸጥ ዋጋ ተነጋገረ። ቁጥሩ ሦስት በሆነበት ቀን እልፍነሽ በቀትር ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ ከሳሎኑ ድምፅ ሰማች። ይርዳው ብቻውን ነው። ስክሪኑን እያየ፣ «እመጣለሁ አልኩህ እኮ፤ አታጣድፈኝ» ይላል።

በኅዳር 13 ረፋድ ላይ ቁጥሩ 1 ሆነ። እልፍነሽ ባሏን ሳታማክር አበራሽ የምትባል፣ መናኸሪያው አጠገብ የጥገና ሱቅ ያላት ሴት ጠርታ አመጣች። አበራሽ ገመድም ራውተርም አልነካችም። ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና ቀዩን ጽሑፍ አነበበች።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከመጀመሩ በፊት የነኩት ነገር አለ?»

«ስንት ጊዜ ልናገር? ምንም አልነካሁም!»

«እሺ፣ አልነኩም። ያስተካከሉትስ ነገር?»

የይርዳው ፊት ፈካ። «እሱማ አለ! ሰዓቱን አስተካክያለሁ። ስድስት ሰዓት ተዛብቶ፣ ዓመቱን ደግሞ 2025 ብሎ አገኘሁት። ራሱ የሚሞላበትን አጥፍቼ፣ ወር ሦስት፣ ቀን ሦስት፣ 2018 ብዬ በእጄ አቀናሁት።»

እልፍነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማሽኑ የእኛን ቆጠራ አያውቅም፣ ጋሼ» አለች አበራሽ። «2018 ሲሉት የፈረንጆቹ 2018 መሰለውና ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደ። እያንዳንዱ ገጽ ማንነቱን የሚያስረዳበት ወረቀት ያሳያል፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የዘንድሮ ቀን ነው። የእርስዎ ማሽን ደግሞ ያ ቀን ገና ስላልደረሰለት አላምንም ይላል። ያ አሮጌ ገጽ ወረቀት የሚባል ነገር ከመለመዱ በፊት የተሠራ ስለሆነ ዝም ብሎ ይከፈታል። የቀሩትን ቀናት የሚቆጥረውም በእርስዎው ሰዓት ነው።»

ይርዳው ስክሪኑ ላይ ያለውን የወንድሙን ፎቶግራፍ አየ። «በዚያ ዘመን ተረፈ በሕይወት ነበር» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲህ በዚህ ማሽን ውስጥ አሁንም አሉ» አለች አበራሽ፤ እጇንም ወደ ሰዓቱ ዘረጋች።

«ቆይ!» ብሎ እጇን ያዛት። «አንድ ቀን ነው የቀረው። ነገ ይደረግ። ዜሮ ሲል የሚመጣውን ልይ።»

«ምንም አይመጣም፣ ጋሼ። ዜሮ ብሎ ያልፋል።»

«ሲያልፍም ልየው።»

«ውሉ ዛሬ ያበቃል እኮ!» አለች እልፍነሽ። «አራት መቶ ኩንታል አስቀምጠህ ማንን ነው የምትጠብቀው? ተረፈን? በሠርጉ ቀን ከሚዛን ላይ ጎትተን ያመጣነውን ሰው? ሰሊጥ ጥለህ ስብሰባ ብትመጣበት ከበር ይመልስሃል!»

ይርዳው ሳይወድ ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ዓይኑን ጠረገና፣ «እኔው አበላሸሁት፤ እኔው ልመልሰው» አለ። አበራሽ ጣቱን የሚያሳርፍበትን አሳየችው። ተጫነ። ሰዓቱ ከነበረበት ተነስቶ ሰባት ዓመት ከስምንት ወሩን በአንድ ጊዜ ተሻገረ። አሥራ አራቱ ገጾች ተራ በተራ ተከፈቱ። በተረፈ ፎቶግራፍ ሥር ያለው ቁጥር ጠፍቶ፣ «ስብሰባው አልፏል» የሚል ጽሑፍ ተተካ። ይርዳው ቀኑ ሳያልፍ ለአራት መቶ ኩንታል ፈረመ።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ ልብ በሉ። ይርዳው አልዋሸም። የነካ አልመሰለውም፤ ያስተካከለ እንጂ። ሰው ያበላሸውን ሲጠየቅ ያስታውሳል፤ አስተካከልኩ ያለውን ግን ማንም ካልጠየቀው ከጥፋት አይቆጥረውም። ሲፈትሽም የእጅ ሰዓቱን፣ ግድግዳውንና ማሽኑን አስተያየ፤ ሦስቱም በአንድ ቆጠራ የሚሄዱ መሆናቸውን ግን ረሳ። በራስ ቆጠራ የራስን ስህተት የፈተሸ ሰው ሁልጊዜ ትክክል ሆኖ ያገኘዋል። በቤታችሁ፣ በትዳራችሁ ወይም በሥራችሁ በሩ ሁሉ የተዘጋ ሲመስላችሁ ገመድ ከመቀየራችሁ በፊት ጠይቁ፦ በቅርቡ ያስተካከልኩት ምንድን ነው?

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አራት መቶ ኩንታል በውሉ ዋጋ ተሸጠ። ሁለት መቶ አርባ ኩንታል በርካሽ ሄደ። አንድ ገመድና አንድ ራውተር ያለ ጥፋታቸው ተጣሉ። አሥር ቀን ባከነ። አንድ ወንድም ሁለተኛ ጊዜ ሞተ፤ ይህኛው በትርፍ ይጻፍ ወይስ በኪሳራ?