በገዛ ጀርባው

አንድ ኮርቻ ሠሪ ነበረ። ቆዪ ሶስና፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «ትርጉሙን ተጠንቅቄ ሠርቼዋለሁ፤ ለደንበኛው ከመላኬ በፊት እንደገና ማንበብ ጊዜ ከመግደል በቀር ምን ይጠቅማል?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ሰውየው ጋ ስላለ ስሚኝ።

ይህ ሰው እጁ የተባረከ ነበር። ቆዳ መርጦ፣ ጠፍር ስቦ፣ ውስጡን በሱፍ ጠቅጥቆ የሚሠራውን ኮርቻ ከሩቅ እየመጡ ይወስዱለት ነበር። በዚያ አገር ኮርቻ ሠሪዎች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ኮርቻው ሲያልቅ ሠሪው ልብሱን አውልቆ ያጎነብስና በገዛ ጀርባው ላይ ያስጭነዋል። ጎረቤት ተጠርቶ ክብደቱን ይጥልበታል። የሚቆረቁር ነገር ካለ ከበቅሎዋ በፊት ሠሪው ያውቀዋል ማለት ነው።

ሰውየው ስሙ እየገነነ ሲሄድ ይህን ልማድ ተወው። ደንበኛ ፊት እንደ አህያ ማጎንበስ አሳፈረው። ምክንያትም አላጣም፤ እያንዳንዱን ስፌት የሰፋሁት እኔው ነኝ፣ ውስጡን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቀዋል ይል ነበር። ይህን አነጋገር በሰማሁት ቁጥር ያናድደኛል፤ እውነት ይመስላላ።

አንድ ገበሬ ሴት ልጁን ሊድር ሲል ሙሽራዋ የምትቀመጥበትን ኮርቻ አዘዘው። ሥራው ሊያልቅ ሲል መርፌው ቆዳው ውስጥ ተሰበረ። ስባሪውን በጉጠት ሊያወጣ ሲነሣ እንግዳ መጥቶ ጠራው። ሰላምታው ረዘመ፣ ጨዋታው ደራ። ተመልሶ ሲቀመጥ ሌላ መርፌ አንሥቶ ስፌቱን ቀጠለ። ስባሪውን ሊያወጣ ማሰቡን እንዳወጣው አድርጎ ቆጠረው። ሲጨርስ ኮርቻውን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው፤ አማረው። ገበሬውም አየው፣ በእጁም ዳሰሰው፣ መርቆት ሄደ።

ኮርቻው ባዶውን ሳለ ማንንም አይወጋም ነበር። የሰርጉ ዕለት ሙሽራዋ ስትቀመጥበት ግን ክብደቷ ስባሪውን ወደ ታች ገፋው። በቅሎዋ ዘለለች። ልጅቷ ድንጋይ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ በእልልታ ከደጅ የወጣችው በቃሬዛ ተመለሰች።

ገበሬው ኮርቻውን ተሸክሞ መጣ። መንደሩ ጠብ ጠብቆ ነበር፤ እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«በጀርባህ ሞክረኸው ነበር?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ ሠሪው።

«በቅሎዋ በዓይንህ ነው የምትሸከመው?»

ሰውየው በሰው ሁሉ ፊት ልብሱን አወለቀ፣ አጎነበሰ፣ ገበሬውንም ኮርቻውን አድርጎበት በሙሉ ክብደቱ እንዲጫነው ለመነው። ገበሬው ተጫነው። ሠሪው ቀና ሲል ጀርባው እየደማ ነበር። ከዚያ ወዲያ በጀርባው ሳይሞክር ያስረከበው ኮርቻ የለም። ልጅቷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አነከሰች።

እንግዲህ ሶስና፣ አትቀየሚኝና አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። ጎበዝ ነሽ፤ ችግሩም እሱ ነው። የጻፍሽውን ስታዪ የሚታይሽ ልትጽፊ ያሰብሽው ነው። ስለዚህ ተነሺና ትንሽ ዞር ዞር በዪ። ስትመለሺ በወረቀት አትመሽ፣ ሌላ ሰው እንደጻፈው ቆጥረሽ፣ ከዋናው ጋር እያስተያየሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው። ጽሑፉ የሚጫነው ሌላ ሰው ላይ ነው፤ መጀመሪያ አንቺ ላይ ይጫን። ዛሬ የምትልኪው የሕፃናት መድኃኒት አወሳሰድ ነው። ልጇ በትኩሳት የተቃጠለባት እናት፣ አንድ ማንኪያ ይሁን ሁለት፣ አንቺን የምትጠይቅበት መንገድ የላትም። የጻፍሽውን ትሰጠዋለች።