ዝም ያሉት ጎተራ ጠባቂዎች

ጥያቄ ይዛ የመጣች አንዲት ባለሙያ ነበረች። ስሟ ትርሲት ነው፤ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ኔትወርክ ትቆጣጠራለች። በዚያ ሰሞን የመቆጣጠሪያው ሰርቨር አርጅቶ በአዲስ ተተካ። የሰርቨሩ ሥራ ኤስኤንኤምፒ በሚባለው መንገድ በየፎቁ ጣሪያ ሥር ተሰቅለው ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኙትን ስዊቾች እየዞረ «እንዴት ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለአሮጌው ሲመልሱ የኖሩት ስዊቾች ለአዲሱ ትንፍሽ አላሉም። ኮምፒውተሮቹ ይሠራሉ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ከክፍል ወደ ክፍል ይተላለፋል፤ በትርሲት ስክሪን ላይ ግን ስዊቾቹ ሁሉ ቀይ ናቸው። አለቃዋ «ወይ ይመልሱ፣ ወይ ሁሉንም ሪሴት አድርጊያቸው» ብሏታል። ሪሴት ማለት ስዊቾቹ የተነገራቸውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። እስኪስተካከሉ ድረስ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም የበሽተኛውን የደም ውጤት አያይም።

ስለዚህ ወደ ኔትወርክ ክፍሉ አንጋፋ፣ ወደ ጋሼ ድልነሳው ሄደች።

«ጋሼ፣ አዲሱ ሰርቨር ሲጠይቃቸው የሚልከው የይለፍ ቃል ትክክል ነው፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ብሳሳት እንኳ 'ተሳስተሻል' ማለት አይችሉም? ለጠየቃቸው የማይመልሱ ነገሮች ምን ይደረጋሉ?»

ጋሼ ድልነሳው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና እንዲህ አሉ።

አንድ ባለጸጋ በየአገሩ ጎተራ ነበረው። በየጎተራው ጠባቂ አስቀምጦ፣ እህሉ እንዴት እንዳለ አንድ ሎሌ እየላከ ያስጠይቅ ነበር። ሌቦች ይህን አዩና «ከጌታ ተልከን ነው» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ጎተራው ሙሉ መሆኑን ከሰሙ በኋላ ተመልሰው ይዘርፋሉ። ባለጸጋው ተናደደ። ጠባቂዎቹን ሰብስቦ፣ «የምስጢር ቃላችንን ቢያውቅ እንኳ፣ የምታውቁት ሎሌዬ ካልሆነ አትመልሱለት። 'አንነግርህም' ብላችሁም አትመልሱ። ድምፅ የሰማ ሌባ፣ ሰው እንዳለ ያውቃል» ብሎ አዘዘ።

ዓመታት አለፉ፤ ሎሌው አረጀ። ባለጸጋው በምትኩ ሌላ ቀጠረ፤ በቅሎ ሰጥቶ፣ ቃሉንም ነግሮ ላከው። አዲሱ ሎሌ ከአጥር ውጭ ቆሞ ቢጣራ፣ ቃሉን ቢናገር፣ በመጨረሻም ቢሳደብ የሚመልስለት ጠፋ። ተመልሶ «ጌታዬ፣ ወይ ሞተዋል፣ ወይ ንቀውዎታል» አለ። ባለጸጋው ጠባቂዎቹን ከነቤተሰባቸው ሊያባርር አለንጋውን ይዞ፣ ሎሌውንም አስከትሎ ወጣ።

የመጀመሪያው ጎተራ ዘንድ ሲደርስ እህሉ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ጠባቂው ከአጥሩ ጀርባ ዱላውን እንደያዘ ቆሟል።

«ሰው ልኬብህ ለምን ዝም አልህ?»

«ዝም በል ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ። ይህን ሰውዬ እኔ አላውቀውም። ቃሉን የሚያውቅ ሌባ ሊመጣ ይችላል ብለውኝ የለ?»

ባለጸጋው አለንጋውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ከዚያ አዲሱን ሎሌ እጁን ይዞ ጎተራ ለጎተራ እየዞረ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ መልሱ» አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ሎሌው ሲጣራ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም መለሱ። ባለጸጋውና ሎሌው ወደዚያ ወደ አንዱ ፈጥነው ሄዱ፤ ጠባቂው ታሞ ወድቆ ነበርና ደረሱለት።

ትርሲት ሳቀች። «እንግዲህ ባለ አለንጋው እኔ ነኛ!»

«አለንጋውን ያስያዘሽ አለቃሽ ነው። አንቺማ ሳትመቺ ልትጠይቂ መጣሽ» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «ስዊቾቹን ያኔ ሲተከሉ እኛው ነን ያዘዝናቸው፤ ከአሮጌው ሰርቨር አድራሻ በቀር ለማንም አትመልሱ ብለን። አዲሱ ሰርቨር ቃሉን ይዞ ሄደ እንጂ፣ ያስተዋወቀው ማንም የለም። ሂጂ፣ አድራሻውን በእያንዳንዱ ስዊች ላይ አስገቢና አስተዋውቂው። እስካሁን ዝምታቸው ስለ እኛ ትእዛዝ እንጂ ስለ እነሱ ጤና የነገረሽ ነገር የለም። ካስተዋወቅሽው በኋላ ዝም የሚል ካለ ግን፣ እሱ ታሟል፤ መሰላልሽን ይዘሽ ሩጪ።»