አንጓች በር

ከወንዙ ማዶ ያሉ የደጋ መንደሮች ወደ ቆላው ገበያ ሲወርዱ የሚያልፉበት፣ በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለ አንድ ጠባብ ማለፊያ አለ፤ ስሙ አንጓች በር ይባላል። መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ ትንፋሹን የሚሰበስበው እዚያ ነው፤ ከገበያ የሚመለስም ሰው «አንጓች በርን ካለፍኩማ ቤቴ ገባሁ ማለት ነው» ይላል። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ግን ግራ ቀኙን ቢያይ ከቁጥቋጦና ከፈራረሰ የድንጋይ ግድግዳ በቀር ምንም ስለማይታየው፣ «በሩ የታለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ሲሰሙ ሽማግሌዎቹ ፈገግ ይላሉ፤ «የቸኮልክ ካልሆነ ቁጭ በል» ይሉና ይጀምሩለታል።

እንደሚነገረው፣ ያ የፈረሰ ግድግዳ በጥንት ጊዜ በዚያ አገር አቻ ያልነበረው ትልቅ የድንጋይ ቤት ነበር። የሠራው ባላባት ዘሩ በጦርነትና በስደት ተበትኖ፣ ቤቱ ስንት ዘመን ባዶውን እንደቆመ የሚያውቅ የለም። ክዳኑ ከግማሽ በላይ ተቦድሷል፤ ውስጡን የሌሊት ወፍ ወርሶታል፤ ከወይራ የተጠረበው ከባድ መዝጊያ ብቻ እንደተገጠመ ቆሞ ነበር ይባላል። በዙሪያው ያለውን ለም መሬት የአካባቢው ጭቃ ሹም ደምለው «እኔ እጠብቀዋለሁ» እያለ ከብቶቹን ያግድበት፣ ሣሩን ያጭድበት ነበር። ሰው እንዳይጠጋውም «ያ ቤት ክፉ መንፈስ አለበት፤ የገባበት ሁሉ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል» የሚል ወሬ አስነዛ፤ ወሬው እየዋለ እያደረ ሥር ሰደደና እናቶች ልጆቻቸውን የሚያስፈራሩት በዚያ ቤት ሆነ።

ታዲያ አንድ ዓመት ቆላውን አንበጣ ወረደበት። አንበጣው ሄዶ ረኃቡ ሲቀር፣ ባይነሳኝ የሚባል ገበሬ ሚስቱን አንጓችን፣ አሮጊት እናቱን ይርገዱን፣ ሁለት ሴት ልጆቹንና ገና ጡት ያልጣለ ወንድ ልጁን ይዞ፣ የቀረችውን ዕቃ በአንዲት አህያ ጭኖ ሽቅብ ወደ ደጋው ወጣ። ባይነሳኝ የዚያ ባላባት ዘር ነበር፤ የትውልድ ሐረጉን እናቱ ይርገዱ ሳትሳሳት ትቆጥረው ነበርና፣ የሚሄዱት ለልመና ሳይሆን ወደ ርስታቸው ነው።

አንጓች ቤቱን ገና ከሩቅ ስታየው እርምጃዋን ገታ አደረገች ይባላል። የተወለደችው ከሣር ጎጆ ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥቁር፣ ዝም ያለ ግድግዳ አይታ አታውቅም። ልጆቿ ቀሚሷን ሲይዙ ግን ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ መዝጊያውን በትከሻዋ ገፋችው፤ እያቃሰተ ተከፈተ። የሌሊት ወፎቹ ግር ብለው በራሳቸው ላይ ሲወጡ ይርገዱ አማተበች። አንጓች ግን መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና «በሉ፣ መጥረጊያ የሚሆን ቅጠል ቁረጡልኝ» አለች።

ጥራጊው ወጥቶ ሳያልቅ ጭቃ ሹም ደምለው በበቅሎ መጣ። ሰውዬው አንደበቱ ለስላሳ ነበር ይላሉ።

«ልጆቼ፣ ለእናንተው ብዬ ነው የምናገረው» አለ፤ ከበቅሎው ሳይወርድ። «ይህ ቤት ሰው አያስቀምጥም። ከታች ወንዙ ዳር ጎጆ የምትቀልሱበት ቦታ እሰጣችኋለሁ፤ የእኔ ጭሰኛ ሆናችሁ ትኖራላችሁ።»

ባይነሳኝ ምን ብሎ እንደሚመልስ ሲያስብ አንጓች ቀደመችው።

«ከአንበጣ ያመለጥን ሰዎች ነን ጌታዬ፤ ቤት አይገድለንም። የአያቶቹን ቤት ትቶ ጭሰኛ የሚሆን ባልም የለኝም።»

ደምለው ፈገግ እንዳለ በቅሎውን አዞረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን መንደሩ በሙሉ ጀርባውን ሰጣቸው። ሰላምታ ቢሰጡ የሚመልስ ጠፋ፤ ልጆቹ ወደ ምንጩ ሲወርዱ ሌሎቹ ልጆች ይሸሻሉ። አንድ ቀን አንጓች እሳት ለመጫር ገል ይዛ ወደ ቅርቡ ቤት፣ ጠጅቱ ወደምትባል ሴት ዘንድ ሄደች። ጠጅቱ ከሩቅ አይታት ኖሮ፣ እንስራዋን አንስታ ምድጃዋ ላይ ውኃ ደፋችበት። አንጓች ደጃፉ ስትደርስ ፍሙ ገና ይንሿሿ ነበር።

«እሳታችን ጠፋ» አለች ጠጅቱ፣ መሬት መሬት እያየች።

«አይዞሽ» አለች አንጓች። «እኔ ባልጩት ፈልጌ አነዳለሁ። ሲቸግርሽ እኔ ዘንድ መጥተሽ ጫሪ።»

ይህን ብላ ቀና እንዳለች ተመለሰች፤ ከጉብታው ጀርባ ስትደርስ ግን ተቀምጣ አለቀሰች ይባላል። አልቅሳ ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ባልጩት ፍለጋ ሄደች።

ባይነሳኝ ነገሩ በዝምታ እንደማያልቅ ሲያውቅ ለወረዳው ዳኛ ለብላታ አድማሴ አቤት ለማለት ተነሣ። በዚያ ዘመን በዚያ አገር በነበረው ልማድ፣ በር ያለው ቤት ባለቤት አለው ይባል ነበር፤ በር የሌለው ቤት ግን እንደ ባድማ ተቆጥሮ መሬቱ ለጭቃ ሹሙ ይሆናል። ደምለው ይህን ልማድ አሳምሮ ያውቀዋል። ባይነሳኝ መሄዱን ሰምቶ፣ ዳኛው ከመምጣቱ በፊት አንጓች ልብስ ልታጥብ ወንዝ የወረደችበትን ቀን ጠብቆ አሽከሮቹን ላከ። አሽከሮቹ አሮጊቷን ገፍተው መዝጊያውን ነቀሉና ተሸክመውት ሄዱ።

አንጓች እርጥብ ልብሷን በራሷ እንደተሸከመች ስትመለስ፣ አማቷ መቃኑን ተደግፋ ቆማለች፤ ቤቱ አፉን ከፍቷል።

«በቃ ልጄ፣ ፈረዱብን» አለች ይርገዱ። «ዳኛው በር የሌለው ቤት ሲያይ ምን ይላል? ሳይመሽ ልጆቹን ይዘን እንሂድ።»

«ወዴት እንሂድ እሜቴ?»

አንጓች ወደ ቆላው አቅጣጫ አየች፤ የአንበጣው ጠባሳ፣ የጎደለው ጎተራ፣ የቀበሯቸው ጎረቤቶቿ ሁሉ በዓይኗ ላይ መጡባት። እርጥቡን ልብስ ቁጥቋጦው ላይ ጣል አደረገች። ከዚያም ሕፃኑን ከአማቷ ተቀብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን በአንዱ መቃን፣ እግሯን በሌላው መቃን አድርጋ።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አለች አሮጊቷ።

«በር መዝጋቴ ነው» አለች አንጓች።

ከዚያ ወዲያ አንጓች ከደፉ አልተነሣችም ይባላል። አንዳንዶች ባሏ እስኪመለስ ድረስ ለአፍታ እንኳ አልተነሣችም ይላሉ፤ አስተዋዮቹ ሽማግሌዎች ግን «ሰው አይደለችም እንዴ፤ ለግድ ጉዳይ ስትነሣ አማቷ ትተካላት ነበር» ብለው ያርማሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ሕፃኑን የምታጠባው፣ ጥጧን የምትፈትለው፣ እህሏን የምትለቅመው እዚያው ነበር። ልጆቿ እንኳ ሲገቡ ሲወጡ «እማዬ ልለፍ?» እያሉ ነበር።

በማግስቱ የደምለው አሽከሮች ዕቃውን አውጥተው፣ እሳቱን አጥፍተው ቤቱን ሰው የሌለበት ሊያስመስሉት መጡ።

«ተነሺ» አላት አለቃቸው።

«አልነሣም።»

«ግቡ ተብለን ታዘናል!»

«ከታዘዛችሁማ በላዬ ላይ ተራምዳችሁ ግቡ» አለች፤ ሕፃኑን ከጡቷ ሳታላቅቅ። «ስትመለሱ ግን እናቶቻችሁ የት ዋላችሁ ሲሏችሁ፣ የምታጠባ ሴት ስንራመድ ዋልን በሏቸው።»

አሽከሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልቧ እንደ ከበሮ ሲመታ ሕፃኑ ሳይሰማው አልቀረም፤ ጡቱን ትቶ ሽቅብ ያያት ጀመር። አለቃቸው አንድ እግሩን ሊያነሣ አለና ተወው። የተቀሩትም አንድ በአንድ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ደምለው ቢቆጣም፣ ቢሳደብም፣ እንደገና የሚሄድለት አሽከር አላገኘም ይባላል።

ከዚያ ግን ዝናቡ መጣ። የዚያን ዓመት ክረምት የገባው በበረዶ ነበር፤ ነፋሱ ደግሞ በማለፊያው ውስጥ ተጨምቆ በቀጥታ በሩ ላይ ነው የሚወርደው። አንጓች ልጁን ለአማቷ ሰጥታ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጠች። ነጠላዋ በገላዋ ላይ ተጣበቀ፤ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። በመንደሩ ያለው ሰው ሁሉ በየቤቱ ሆኖ ያያታል፤ የሚንቀሳቀስ ግን አልነበረም።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ጠጅቱ ናት። የባሏን ገሳ ከተሰቀለበት አወረደችና፣ ባሏ «ጭቃ ሹሙ ያይሻል! ምን ነካሽ?» እያለ ሲከተላት፣ «ካየኝ ይየኝ!» ብላው በዚያ ዝናብ፣ በቀን ብርሃን፣ በመንደሩ መካከል አቋርጣ ወጣች። አንጓች ፊት ስትደርስ ጎንበስ አለች። ገሳውን ትከሻዋ ላይ ደረበችላት።

«እሳት ልትጭሪ መጣሽ?» አለች አንጓች፤ ከንፈሯ በብርድ ደርቆ።

ጠጅቱ እርጥብ ፊቷን በእጇ ጠረገች። «አዎ» አለች። «ልግባ?»

«ግቢ» አለች አንጓች፤ እግሯንም ሰብሰብ አደረገችላት። ከቤተሰቡ ውጪ በዚያ በር ፈቃድ ጠይቆ የገባ የመጀመሪያው ሰው ጠጅቱ ነች ይባላል። እሷን ያዩ ሌሎች ሴቶችም በማግስቱ አንዷ ጎመን፣ አንዷ እርጎ ይዘው መጡ፤ ሁሉም ደፉ ላይ ቆመው «ልግባ?» እያሉ ጠየቁ፤ ከቤቱም የገባ አንድም ሰው አልሞተም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ብላታ አድማሴ ከባይነሳኝ ጋር ደረሰ። ደምለው ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ ካባውን ደርቦ ቀድሞ ይጠብቅ ነበር። ባይነሳኝ ሚስቱን ከስታ፣ ጠቁራ፣ ገሳ ለብሳ ደፉ ላይ ተቀምጣ ሲያያት ሊያነሣት ወደ እሷ ተራመደ። አንጓች ግን በዓይኗ «ቁም» አለችው።

«ጌታዬ፣ ነገሩ ብዙ አያናግርም» አለ ደምለው። «እነሆ በዓይንዎ ይዩት፤ ቤቱ በር የለውም። በር የሌለው ቤት ባድማ ነው፤ የአገሩ ልማድ ይህ ነው።»

ዳኛው ሸምገል ያለ፣ ቶሎ የማይናገር ሰው ነበር። ከበቅሎው ወርዶ ውስጡን ለማየት ወደ ቤቱ ተራመደ። ደፉ ጋ ሲደርስ አንጓች አልተነሣችም፤ እግሯንም አላጠፈችም።

«እመት፣ አሳልፊኝ» አለ።

«ማን ልበል?»

ዳኛውን ማንም «ማን ልበል» ብሎት አያውቅም።

«አድማሴ ነኝ፤ የወረዳው ዳኛ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«አንቺ ባለጌ!» ብሎ ጮኸ ደምለው። «ዳኛ ደጅ ታቆሚያለሽ?»

ብላታ አድማሴ እጁን አነሣና ዝም አሰኘው። ሴቲቱን አያት፤ መቃኑን የረገጡትን፣ ጭቃ የደረቀባቸውን እግሮቿን አያቸው፤ የተነቀለውን የመዝጊያውንም ሥፍራ አየ። ከዚያም ወደ ደምለው ዞሮ፣

«ጭቃ ሹም፣ ይህ ቤት በር ከሌለው እኔን ደጅ ያቆመኝ ማን ነው?» አለ።

ዳኛውም ሽማግሌዎቹን አስመስክሮ ቤቱንም መሬቱንም ለባይነሳኝና ለአንጓች ፈረደ። ቀጥሎም የተነቀለው መዝጊያ የት እንዳለ ሲያስጠይቅ፣ የደምለው የከብት በረት ላይ ተገጥሞ ተገኘ። «አሁኑኑ ተነቅሎ ይመለስላት» ሲል ግን አንጓች ከተቀመጠችበት ተናገረች።

«አይመለስ ጌታዬ። እዚያው ይሁን፤ ጠዋት ማታ ከብቶቻቸውን ሲያስገቡ እያዩት ይዝጉት። እኛ ሌላ እናሠራለን፤ እስከዚያው እንደሚያዩት በር አለን።»

ዳኛው ሳቀ ይባላል። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፤ ከጭቃ ሹሙ ፊት ሲስቁ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የጠጅቱ ባል ዝግባ ቆርጦ መጣ፤ መንደርተኛውም ተባብሮ አዲስ መዝጊያ ጠረበና ገጠመ። ባይነሳኝ ሚስቱን ብብቷን ይዞ አነሣት፤ አዲሱን በር መጀመሪያ የተደገፈችውም እሷው ሆነች። ዕድሜ ጠግባ፣ የልጅ ልጅ አይታ በዚያው ቤት አረፈች ይላሉ።

በዚያ አገር ዛሬም አዲስ ቤት ሲሠራ፣ መዝጊያው ከመገጠሙ በፊት የቤቱ እመቤት ደፉ ላይ ትቀመጣለች፤ ከጎረቤት በዕድሜ የገፋው ሰው ከውጭ ይቆምና «ይህ ቤት በር አለው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሷን ሳትሰጥ በር አይገጠምም። በቅርቡ እንኳ ከሌላ አገር ተዛውራ የመጣች አንዲት አስተማሪ የቆርቆሮ ቤት ሠርታ፣ የብረት በሯ ከከተማ በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶ ነበር አሉ። በያጁ ችኩል ነበርና «እሜቴ፣ ይነሡልኝ፤ ሌላ ሥራ አለብኝ» ቢላት፣ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ከአጥሩ ሥር ሆና፣

«ዝም ብለህ ጠብቅ!» አለችው። «ገና አልተጠየቀችም።»

ሽማግሌው ምርኩዙን ይዞ ቀስ እያለ መጣ፤ ጠየቃትም። እንግዳይቱ አስተማሪ ልማዱን የሰማችው በዚያው ሳምንት ነበር፤ እግሯን ከመቃኑ አስደግፋ አንገቷን ቀና አደረገችና፣

«አለው!» አለች። «ማን ልበል?»