ሃያ አራቱ ጠርሙስና የኬላው ሹም

አረቄ እያወጣች የምትሸጥ አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። በየገበያው ቀን ሃያ አራት ጠርሙስ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን በሳጥን አሽጋ፣ በአህያዋ ጭና ትወርዳለች። መንገድ ላይ የኬላው ሹም ግራዝማች ወንድይራድ ይጠብቋታል። እሳቸውም “መርዝ ቢኖርበት ከሕዝቡ በፊት እኔ ልሙት” እያሉ ከየሳጥኑ አንድ አንድ ጠርሙስ ለቅምሻ ያስቀራሉ።

ሁለቱ ጠርሙስ አልበቃ ብሏቸው አንድ ቀን፣ “ሳጥንሽ እየከበደ አህያዋን ሊገድላት ነው፤ አሳዘነችኝ። ስድስት ስድስት አድርጊው” አሏት። አደረገች፤ አራት ጠርሙስ ቀረባት። በሳምንቱ ደግሞ፣ “አሁንም ከብዷታል። ሁለት ሁለት አድርጊው፤ አለዚያ በዚህ ኬላ አታልፊም!” ብለው በሰው ፊት አዘዙ። ሁለት ሁለት ከሆነማ ግማሹ አረቄ እዚያው ኬላው ላይ መቅረቱ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ሴትዮዋ ሃያ አራቱንም ጠርሙስ በአንድ ትልቅ ሳጥን አሽጋ መጣች።

“አንቺ! ለዚች እንስሳ ትንሽ እንኳ አታዝኚም?” ብለው ጮኹባት። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል።

ሴትዮዋ እጅ ነሳችና፣ “ጌታዬ፣ አህያዋስ ሳጥኑ ቢበዛም ቢያንስም የምትሸከመው ያው ሃያ አራት ጠርሙስ ነው። እኔን ያሳዘኑኝ እርስዎ ነዎት። ለሕዝብ ብለው በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ሊሞቱ? አይሆንም! ዛሬ አንዴ ብቻ ይሙቱልን” አለቻቸው።